መንገዱ እንዳይከፈት

መንገድ ተዘጋ ሲባል ደስ የሚለው ሰው በዚህ ከተማ ካለ፣ እኔ ነበርኩ። ሰው ስልኩን አንስቶ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ኧረ ዛሬም አያሳልፍም» ሲሉት ያዝናል፣ ያማርራል። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እፎይ እላለሁ። ይቅር ይበለኝ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ ጋር፣ የማንሄደውን ጉዞ በየቀኑ እያሰናዳሁ።

ጣጣው የመጣው በመኪናዋ ነው። አምና አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዛሁ። ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። ከልደታ ሜክሲኮ በእግሬ ብሄድ ከመኪናዋ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ግን ገዛሁ እንግዲህ፣ ምን ይደረግ። ከዚያች መንገድ ውጭ የትም ነድቻት ስለማላውቅ እናቴ መቀለጃ አደረገችኝ። «ይቺ መኪና ትሄዳለች ወይስ እንደ ቡፌ ለማየት ናት?» ትለኛለች። አንድ ቀን ቆሽቴ አረረና «የት ልውሰድሽ? ተናገሪ እስቲ!» ብዬ ጮህኩባት። አላመነታችም። «ሐይቅ። እቴቴ ጋ» አለችኝ።

እቴቴ የምትላት ታላቅ እህቷን ነው። አያቴ ልጅ ሳሉ ስለሞተችባቸው እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሐይቅ ደግሞ ከደሴ አልፎ ነው፤ አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር። እኔ ከከተማ ወጥቼ ነድቼ የማላውቅ ሴትዮ ጣርማ በርን ልወጣና ልወርድ! ሁለቱ እህትማማቾች ከተያዩ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር። አንዱ ዓመት በበሽታ፣ ሌላው በጦርነት፣ ሌላው መንገድ ተዘግቶ፣ እንዲሁ ሲሉ ሲሉ አለፈ። «በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ድረስ ላድርስሽ» ብላት «እኔ አየር ላይ ተንጠልጥዬ አልሄድም፤ አገሩን እያየሁ ነው የምሄደው» አለች።

እያየሁ ትበል እንጂ አታይም ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቶባቸዋል። ኦፕራሲዮን ይደረግ ሲባል ለዓመታት «ዓይኔን በቢላ አላስነካም» ስትል የኖረች ሴትዮ፣ ጉዞው እንደተነሳ በገዛ አፏ «ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አለችኝ። ገርሞኝ ምክንያቱን ስጠይቃት «ፊቷን ሳላይ ድምፅዋን ሰምቼ ልመለስ? እሱንማ በስልክም እሰማዋለሁ» አለች። ስለዚህ አንደኛው ዓይኗ ተሠራ። ሐኪሙ ሲያሰናብተን ጣቱን እያጠፈ ቆጠረላት። ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም፣ ማሸት የለም፣ ማልቀስ የለም። እናቴ ሳቀችበት። «ምን አስለቀሰኝ ልጄ? እህቴ ጋ ልሄድ እኮ ነው!»

በዘጠነኛው ቀን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ አጎቴ ደወሉ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጌጃ ሰፈር ይኖራሉ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ። ይቺ ጥያቄ ስትመጣ ቀጥሎ የሚባለውን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። አክስቴ ሌሊቱን በእንቅልፏ አርፋ አድራለች። ቀብሯ የዚያኑ ቀን ነበር።

ከሥራ ስወጣ ልደታ ማርያም አጥር ሥር መኪናዋን አቁሜ አጎቴን ጠበቅኳቸው። ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «መርዶው ይቆይ» አሉኝ። «ሐኪሙ ጨርሻለሁ እስኪል ድረስ ማንም እንዳይነግራት። ዘመድ ሁሉ ይህን ብሏል።» እውነታቸውን ነው። እናቴ ለቅሶ ላይ እንዴት እንደምትሆን ሰፈሩ ያውቃል። ለጎረቤት እንኳ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ደረቷን ትደቃለች፣ ፊቷን ትነጫለች። ለእቴቴ ምን እንደምትሆን ለማሰብም ይከብዳል። ሐኪሙን በስልክ ስጠይቀው «ከወደቀች ወይም ካሸችው ዓይኑን ልታጣው ትችላለች» ብሎኝ ነበር። ቢሆንም አጎቴ ላይ ተቆጣሁ። «ለምን እኔ ልዋሻት?» አልኳቸው። «አብረሻት የምትኖሪ አንቺ ነሻ!» አሉኝና በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወረዱ።

ቤት ስገባ እናቴ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ሶፋው ላይ ተዘርግታለች። «ነይ፣ ወረቀትና እስክሪቢቶ አምጪ» አለችኝ። ጉዞውን ልታስጽፈኝ ነው። መንገዱን ከወጣትነቷ ጀምሮ በአውቶቡስ ስለተመላለሰችበት ከነጠመዝማዛው ታውቀዋለች። «ቁርስ ደብረ ብርሃን። ጣርማ በር ስንደርስ ቀስ ትያለሽ፣ ጉም አለ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ እንገዛለን። ሸዋ ሮቢት ይሞቃል፣ ውኃ ያዢ። ምሳ ከሚሴ።» እኔ እጽፋለሁ። አክስቴ ያን ሰዓት ከተቀበረች ገና ሦስትና አራት ሰዓቷ ነው። «ምነው ዛሬ ቀስ ብለሽ የምትጽፊው?» አለችኝ። «ብዙ መኪና ነድቼ ደክሞኝ» አልኳት። ከልደታ ሜክሲኮ!

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንኳ እግዜር ይስጠው መንገዱ ራሱ ዋሸልኝ፤ የእውነት ዝግ ነበር። ችግሩ ሐኪሙ ነው። «መኪና ውስጥ መቀመጥ ምንም አይልሽም፣ መሄድ ትችያለሽ» ብሎ ፈቅዶላት ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ እኔና ሐይቅን የሚለየን አስፋልቱ ብቻ ሆነ። በየማለዳው «ጠይቂ እስቲ» ትለኛለች። ሬዲዮ ታዳምጣለች። መስኮቱን ከፍታ ደረጃ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሁሉ በድምፁ እየለየች «መንገዱን ሰማህ?» ትላለች።

ከሁሉ የፈራሁት የመጀመሪያ ፎቅ ጎረቤታችንን ነው። ሰውየው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ያውም የደሴን መስመር። እናቴ ከሬዲዮው በላይ የምታምነው እሱን ነው። ሄጄ በሩን አንኳኳሁና ሁሉን ነገርኩት። «መንገዱ ቢከፈትም ዝግ ነው በልልኝ» አልኩት። ከንፈሩን መጠጠ። «እኔ መንገድ ሲከፈት ነው እንጀራዬ» አለኝ። «ተከፍቶ ሳለ ተዘጋ ማለት ይከብደኛል። ካገኙኝ አልዋሻቸውም። እንዳያገኙኝ ግን እሞክራለሁ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ትልቅ ሰውዬ ወደ ገዛ ቤቱ ጫማውን አውልቆ፣ በእጁ ይዞ፣ ቀስ እያለ ይገባ ጀመር። በእኔ የተነሳ።

ለማስመሰል ብቻ ብዬ መኪናዋንም አሰናዳሁ። ጌጃ ሰፈር ጋራዥ ወስጄ ፍሬኗን አሳየሁ፣ ሁለት ጎማ ቀየርኩ፣ መጠባበቂያ ጎማዋን አስሞላሁ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እስከ መቐለ ትወስድሻለች!» አለኝ በኩራት። አንድ ብልሽት እንዲያገኝብኝ ስመኝ ነበር እኮ የዋልኩት። «በደንብ አየኸው? ሞተሩ ይንኳኳል አይደል?» ብለው «ምን ነካሽ? እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው» ብሎ ተቆጣኝ። ተሰብራለች ልበል ብዬ አሰብኩ። ግን እናቴ ከበረንዳው ሆና የሞተሩን ድምፅ ትለየዋለች።

ስልኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አክስቴ የራሷ ስልክ አልነበራትም፤ በልጇ ቁጥር ነበር የምናገኛት፣ ቁጥሩም ያለው እኔ ስልክ ውስጥ ነው። «ደውይልኝ» ስትል ብዙውን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። ኔትወርክ የለም የሚባለውን ማንም ይቀበላል፤ የሚጠራጠር የለም። ሁልጊዜ ግን አይሆንም። አንዳንዴ እደውልና ልጇን አገናኛታለሁ። «ጠበል ሄዳለች» ይላታል። «ተኝታለች» ይላታል። አንድ ቀን ድምፁ ተሰብሮ መናገር አቃተው። እናቴ «አሞሃል እንዴ ልጄ?» ስትለው ስልኩን ነጥቄ ዘጋሁትና «ተቋረጠ» አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ «ለእቴቴ ጫማ ልገዛላት ነው፤ ቁጥሯን ጠይቂልኝ» አለችኝ። ኩሽና ገብቼ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከልጇ ጋር የማወራ አስመሰልኩ። ተመለስኩና «ሠላሳ ሰባት» አልኳት፤ አፌ ላይ የመጣልኝን። ፊቷ ልውጥ አለ። «ሠላሳ ሰባት? የእኔን ጫማ ነበር እኮ የምትጫማው። እኔ አርባ ነኝ።» ትንሽ አሰበችና «ከስታለች ማለት ነው። እግሯ እስኪያንስ ከስታለች። እናንተ የምትደብቁኝ ነገር አለ፣ አሟታል» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! «አላመማትም እማዬ፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት፤ አርባ ነው ያለኝ ልጇ» ብዬ ማልኩላት። አላመማትም ማለቴ ውሸት እንኳ አልነበረም። ጫማውን ሜክሲኮ ሄደን አርባ ቁጥር ገዛን። ሻጩ «ካልሆናት መመለስ ይቻላል» አለን።

በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ጨርሻለሁ ይላል ብዬ ስጠብቅ «የዓይኑ ግፊት ጨምሯል፤ ጠብታውን ሦስት ሳምንት ትቀጥል» አለ። እናቴ አዘነች። እኔ ግን ደስ እንዳለኝ ነው ወይስ እንዳዘንኩ ለራሴም አልገባኝም። አንድ ነገር ብቻ አውቅ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ውሸት ያስፈልገኛል። ክፋቱ ደግሞ መንገዱ በዚያ ሰሞን ጥሩ ሆኗል ተብሎ ይወራል።

እሁድ ልደታ ማርያም ሄድኩና አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። «እመቤቴ፣ እባክሽ ትንሽ ቀን ብቻ፤ መንገዱ ትንሽ ቀን ብቻ ይዘጋ» ብዬ ለመንኩ። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታለቅሳለች። ልጄ ወልዳ አራስ ቤት ድረሽልኝ ብላኛለች፣ መንገዱን ክፈችልኝ፣ እያለች ነው። ሁለታችንም አንድ አጥር ተደግፈን ማለት ነው። እሷ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ለአክስቴ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ። ዘወር ብላ አየችኝና «አይዞሽ እህቴ፣ ይከፈታል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶውን መቆጣጠር አቃተኝ። ቤት ውስጥ አይቻልም፤ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰው አለ፣ እናቴ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እያየች መጣች። «ዓይንሽ ምን ሆነ? አቧራ ነው?» ትለኛለች፤ ዱሮ እኮ ፊቴን እንኳ አትለይም ነበር። ዓይኗ በዳነ ቁጥር እኔ መደበቂያ እያጣሁ ሄድኩ። ስለዚህ ፎቁ ሥር የቆመችው መኪና ውስጥ እገባለሁ፣ መስኮቷን እዘጋለሁ፣ መሪውን ይዤ አለቅሳለሁ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር እንድትሄድ የተሰናዳች መኪና ውስጥ፣ ሳልነቃነቅ። የጥበቃው ሽማግሌ አንዴ መስኮቱን አንኳክተው «ቁልፍ ጠፋብሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

አርብ ዕለት ሐኪሙ መብራት እያበራ አይቶ አይቶ «በቃ፣ ድነሻል» አላት። ወዲያው ለአጎቴ ደወልኩ። «እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት» አሉኝ። «እኛው መጥተን እናረዳታለን፤ አንቺ ብቻ ቤት አቆዪያት።» ሁለት ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ይቻላል ብዬ ነበር። እናቴ ግን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ ሱቅ ወርጄ ሳለ፣ በተሠራው ዓይኗ ደረጃውን አንድ በአንድ እያየች ብቻዋን ወርዳ ሹፌሩን በሩ ላይ ያዘችው። ጫማው በእጁ እንደተንጠለጠለ። «ልጄ፣ መንገዱ?» አለችው። ያለውን አደረገ፤ አልዋሻትም። «ሰላም ነው እማማ። እኔ ራሴ ትናንት ገባሁ።»

ስመለስ ቤቱ መሀል ቆማ ጠበቀችኝ። ከሻንጣዋ ጋር። «ነገ እንሂድ» አለችኝ። «ነገ እሁድ ነው፣ ቢሮ የለብሽ፣ መንገዱ ክፍት፣ ዓይኔ ድኗል፣ መኪናዋ ተሠርታለች። ምን ቀረ?» ምን ቀረ? ምክንያት ፈለግኩ፤ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ምንጭ ውኃ ሲፈልቅልኝ የነበረው ውሸት ደረቀ። «እሺ» አልኳት። «ነገ በጠዋት እንሄዳለን።» ደስ ብሏት ጉንጬን ሳመችኝ። ምላሴን በቆረጠው።

እሁድ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሻንጣና ዘንቢሏን በሩ ሥር ደርድራ ተቀምጣለች። አሥራ ሁለት ሲሆን በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ፊት ገቡ፤ ከኋላቸው ሁለት የማኅበሯ ሴቶች፣ የዕድሩ ሽማግሌ፣ መጨረሻ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሹፌሩ። እናቴ ብድግ አለች። «ውይ! እኔን ልትሸኙ ነው በዚህ ጠዋት? ምነው እንዲህ ታከብሩኛላችሁ!» ወደ እኔ ዞራ ገላመጠችኝ። «አንቺስ አትነግሪኝም? ቁርስ እንኳ ሳልሠራ!» ወንበር ትስባለች፣ ሶፋውን ታራግፋለች፣ «አረፍ በሉ፣ አረፍ በሉ» ትላለች። ማንም አልተቀመጠም። «እሺ፣ ለእቴቴ ምን ልበልላችሁ?» አለች።

አጎቴ አፋቸውን ከፈቱ። የሚሉትን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጠኑት ነበር፤ አልወጣላቸውም። እናቴ ከእሳቸው ፊት ወደ ሴቶቹ ተሻገረች። ሁለቱም ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ነበር የለበሱት። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ነጭ ነገር ቆሟል ከማለት በቀር አታየውም ነበር። አሁን አየችው። አንዷን ሴት ጠጋ አለችና የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ነካ አደረገችው።

ትወድቃለች ብለን ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። አልወደቀችም። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። «መቼ?» አለች ብቻ።

«ሁለት ወር ሊሞላት ነው» አሉ አጎቴ፤ ድምፃቸው ከዚያ በላይ አልሄደም።

እናቴ በጣቷ ቆጠረች። «አርባዋስ?»

«አውጥተናል። እኔ ቤት። ዘመድ ሁሉ ነበር።»

ወደ እኔ ዞረች። ያን ሁሉ ጊዜ እንዲያ አተኩራ አይታኝ አታውቅም። «የዚያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ።

አውቀው ነበር። አጎቴ «ከቤት አርቂያት» ስላሉኝ ለጉዞው ልለማመድ ብዬ ይዣት ወጥቼ ነበር። አየር ጤናን አልፈን፣ መስኮቱን ከፍተን፣ የጭነት መኪና ቀድሜ ሳልፍ እጇን አጨብጭባልኛለች። ልዋሻት አሰብኩ፤ አልቻልኩም።

«ሰበታ ነበርሽ እማዬ» አልኳት። «ከእኔ ጋር። እልል ስትይ ነበር።»